እናቴን ለዓይን ሕክምና ማዱራይ ልወስዳት ነው፤ የሚናክሺን ቤተ መቅደስ ማየት ይቻላል?

የቦኩ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። እንዴት ናችሁ?

የአዳማ ልጅ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ እናቴን ይዤ ህንድ ልሄድ ነው። ስኳሯ ዓይኗን እየነካባት ስለሆነ ማዱራይ፣ አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ቀጠሮ ይዘናል። ቪዛውን፣ ቲኬቱንና ምንዛሪውን አታንሱብኝ። እሱ አልቋል፣ እኔም አልቄያለሁ።

የመጣሁት በሌላ ጉዳይ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ህንዳዊ መምህር አለ። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። አገሩ ታሚል ናዱ ነው፣ ማዱራይ ያለችበት የደቡብ ህንድ ክፍለ ሀገር። ማዱራይ ልንሄድ መሆኑን ሲሰማ የሕክምናውን ወሬ ትቶ ስለ ሚናክሺ ማውራት ጀመረ። ሚናክሺ የሴት አምላካቸው ናት፤ ወንዝ ዳር ትልቅ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አላት። በስልኩ ፎቶ አሳየን። እናቴ ደግሞ በወጣትነቷ የህንድ ፊልም መጣ ከተባለ ሲኒማ ቤት በር ላይ የምትሰለፍ ሰው ነበረች። አንድም ቃል ሳይገባት እያለቀሰች ትወጣ እንደነበር አክስቴ ትመሰክርባታለች። አሁን «ዓይኔ በራም አልበራም፣ እሱን ሳላይ አልመለስም» ብላ ቁጭ ብላለች። አክስቴ በበኩሏ «ጣዖት ቤት ገብተሽ መጥተሽ እኔ ቤት ቡና እንዳትጠጪ» ብላታለች። እኔ መሀል ላይ ነኝ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ያስገባሉ? ምን ይለበሳል? ፎቶ ማንሳት ይቻላል? እናቴ ብዙ መራመድ አትችልም። ማንንም ሳናስቀይም፣ እኛም የማናምንበትን ሳናደርግ አይተን መውጣት እንችላለን?

ባለ ፋርማሲው

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔ ማዱራይ ፋርማሲ ተምሬ ነው የመጣሁት። አሁን እዚሁ አዳማ መድኃኒት እሸጣለሁ። የጥያቄሽን ቅደም ተከተል ትቼ ከእግር ልጀምር፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው።

ጫማ ውጭ ይቀራል። ለሚኒስትርም ለለማኝም ያው ነው። ግቢው 6 ሄክታር ገደማ ነው፣ መሬቱ ድንጋይ ነው። በሚያዝያ የማዱራይ ሙቀት 38ና 39 ዲግሪ ይገባል። ያ ድንጋይ እኩለ ቀን ላይ ምጣድ ነው። ጤነኛው ሰው ሲያቃጥለው ይዘላል። ስኳር የቆየበት ሰው ግን እግሩ ስለሚደነዝዝ ላይሰማው ይችላል። ማታ ሆቴል ገብቶ ውሃ የቋጠረ ተረከዙን ያያል። የስኳር ሰው እግር ላይ የወጣች ቁስል ደግሞ ምን እንደምታመጣ ፋርማሲ ቆሜ በየቀኑ ነው የማየው። ስለዚህ እናትሽን በቀን አታስገቢያት። ከመግባቷ በፊትና ከወጣች በኋላ እግሯን በእጅሽ ዳሰስ ዳሰስ አድርገሽ እይላት። «ምንም አልሆንኩም» ብትልሽም እይ።

ሰዓቱም ለዚህ ይመቻል። ቤተ መቅደሱ ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ይከፈትና ቀን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይዘጋል። እንደገና 10 ሰዓት ላይ ተከፍቶ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ይህን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው የምልሽ። እዚያ ለሰው ስትነግሪ ስድስት ስድስት ሰዓት ጨምሪበት፣ አለበለዚያ ባጃጁ በተዘጋ በር ላይ ጥሎሽ ይሄዳል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ብትገቡ ድንጋዩ በርዶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሰዉም ከሥራ መልስ ቤተሰቡን ይዞ ታገኙታላችሁ። መቀመጥ ይቻላል። እናትሽ ከወርቃማው የሎተስ ኩሬ ዙሪያ ካሉት ደረጃዎች አንዱ ላይ አረፍ ብላ ሰዉን ትይ። ከሁሉም የምወደው ቦታ እሱ ነው። አሮጊቶች ልጅ ያጠባሉ፣ ተማሪ ደብተሩን ይገልጣል፣ ባልና ሚስት ይኮራረፋሉ።

ስለ ማማዎቹ መምህሩ ነግሯችኋል ብዬ እገምታለሁ። ጎፑራም ይሏቸዋል፤ 14 ናቸው። በ4ቱም አቅጣጫ ያሉት የበር ማማዎች ከላይ እስከ ታች ቀለም በተቀቡ ምስሎች የተሞሉ ናቸው። ረጅሙ የደቡቡ ነው፣ ወደ 52 ሜትር ይጠጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1559 ነው የተሠራው። ቦታው ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታሚል መዝሙሮች ውስጥ ይነሳል። በ1311 ማሊክ ካፉር የሚባል የዴልሂ ሱልጣን ጦር አዛዥ ማዱራይን ዘርፎ ቤተ መቅደሱንም ጎድቶት ነበር። ዛሬ የምናየው አብዛኛው ናያካ የሚባሉት ገዢዎች በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው። ምስሎቹ በየ12 ዓመቱ ገደማ እንደ አዲስ ይቀባሉ። የእድሳት ጊዜ ከሆነ ማማዎቹ በእንጨትና በሳር ተሸፍነው ልታገኚያቸው ትችያለሽ። አስቀድመሽ መምህሩን ጠይቂው።

አሁን ወደ «ያስገባሉ ወይ?»። አዎ፣ ግን እስከ አንድ ቦታ። ኮሪደሮቹ፣ ኩሬው፣ የሺህ ምሰሶ አዳራሹ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ሺህ ይበሉት እንጂ ምሰሶዎቹ 985 ናቸው። ሚናክሺና ባሏ ሱንዳሬስዋራር፣ ማለትም ትልቁ አምላካቸው ሺቫ፣ ያሉባቸው ሁለቱ ውስጠኛ ክፍሎች ግን ለሂንዱ ብቻ ናቸው። በር ላይ በእንግሊዝኛም ተጽፏል። በ2024 መጀመሪያ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የማዱራይ ችሎት፣ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ከሰንደቁ ምሰሶ እንዳያልፍ የሚል ውሳኔ ሰጥቷል። ምሰሶው በብረት ተለብጦ ስለሚያበራ አያመልጥሽም። እናትሽ ይሄ አይገርማትም። ታቦቱን ማን አይቶት ያውቃል? መቅደስ ማን ይገባል? ፈረንጆቹ ናቸው ከዘበኛ ጋር ሲከራከሩ የማያቸው።

ስልክ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 ግቢው ውስጥ እሳት ተነስቶ ሱቆች ከተቃጠሉ በኋላ ነው የተከለከለው። ካሜራም እንደዚያው። በር ላይ ሳጥን አለ፣ ደረሰኝ ይሰጡሻል። ከእናትሽ ጋር ከተጠፋፋችሁ መደዋወል የለም። የምትገናኙበትን በር አስቀድማችሁ ተስማሙ። 4ቱም በሮች ለአዲስ ሰው አንድ ናቸው። እኔ የምሥራቁን እመርጣለሁ።

ልብስ አያስቸግራችሁም። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን ነው ሕጉ። የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ በቂ ነው፤ ይልቅ እናትሽ ራሷ መታያ እንዳትሆን! ሴቶቹ ጥለቱን ሳይዳስሱ አይለቋትም።

የድሮ ናዝሬት ሰው

ልጄ፣ እናትሽን ፈጣሪ በምሕረቱ ይጎብኝልሽ። ነገር ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ አልወደድኩትም። «ለማየት ነው የምንገባው» ይባላል። የፋሲል ግንብን ለማየት ብትሄጂ ማንም ምንም አይልሽም፣ ንጉሡ የሉም። ይሄ ግን በዚች ሰዓት ሰው የሚሰግድበት ነው። በሰው ጸሎት መሀል ገብቶ መቆምን ለኛ ቤተ ክርስቲያን የማንወደውን እዚያ ስንሄድ ለምን እንወደዋለን? እነሱስ ደስ ይላቸዋል? አክስትሽ ተሳስታለች አልልም። ቡናውን ግን ባትከለክል ጥሩ ነበር።

ባለ ፋርማሲው

ጋሼ፣ የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም ብዙ ተማሪ ጓደኞቼ በር ድረስ ሸኝተውኝ ሲመለሱ አይቻለሁ። አልፈርድባቸውም።

ደስ ይላቸዋል ወይ ላሉት፣ እኔ ያየሁትን ልናገር። ከዚያ ምሰሶ ወዲህ እስከሆንክና ሥርዓት እስከያዝክ ድረስ «ምን ትሠራለህ?» ያለኝ የለም። እንዲያውም «በላህ ወይ?» ነው የሚሉት።

እህቴ፣ መሳተፍ ለማትፈልጉት ነገር እንዲህ አድርጉ። ካህኑ ነበልባል ያለበት ሳህን ይዞ ሲመጣ ሰዎች እጃቸውን ከእሳቱ በላይ አድርገው ፊታቸውን ይዳብሳሉ። እናንተ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፣ ያልፋችኋል። ቀይ ዱቄት ወይም ነጭ አመድ ግንባር ላይ ሊቀቡ ሲሉ ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ማንም አይቆጣም። የሚታደለው ምግብ ለአምላካቸው ቀርቦ የተባረከ ነው። እሱን መቀበል አለመቀበል የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው፤ ሳትሄዱ ጠይቋቸው። በቀኝ እጅ ተቀብሎ መሬት ላይ መጣል ግን በፍጹም አይሆንም። ካልፈለጋችሁ መጀመሪያውኑ እጅ አትዘርጉ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ያ በር ሂንዱ ለተባለውም ሁሉ ክፍት አልነበረም። ዝቅተኛ የሚባሉት፣ «አትንኩን» የተባሉት፣ ለዘመናት እዚያ ማማ ስር ቆመው ከውጭ ነበር የሚሳለሙት። ሐምሌ 8፣ 1939 እ.ኤ.አ. ነው ቫይድያናታ አይየር የሚባል ጠበቃ፣ ራሱ ብራህሚን፣ ማለትም ከከፍተኛው የካህናት ወገን፣ ሆኖ፣ ጥቂቶቹን ይዞ በሩን ያለፈው። ከካህናቱ መካከል ያኮረፉ ነበሩ። የኮሌጅ ጓደኛዬ አያት ያንን ዘመን ያስታውሱ ነበር። ወደ ውስጥ ሲገቡ ደፉን በእጃቸው ሳይነኩ አያልፉም።

ከሐዋሳ

እኔ ባለቤቴን ቼናይ አሳክሜ ስመለስ ማዱራይን አይቻታለሁ። ሁሉን ተናግሮ ጨርሶታል፣ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ልጨምር።

ቤተ መቅደሱ አጠገብ «ኑ፣ ጣሪያችን ላይ ወጥታችሁ ማማውን በነጻ እዩ» የሚሉ አሉ። ጣሪያው እውነትም ያሳያል። ከጣሪያው መውረጃው ግን በምንጣፍና በሻል ሱቅ በኩል ነው። ሻይ ይቀርብልሻል፣ ወንድም ትሆኛለሽ፣ እህት ትሆኛለሽ። እናትሽን አደራ! ባለቤቴን በስንት መከራ ነው ከአንድ ሻል ያላቀቅኩት።

ባጃጅ እንደኛው ነው፣ ተስማምቶ መግባት ነው። ያው ባጃጅ ከዚያው አይደል የመጣው።

ጃስሚን አበባ ግዢ። በክር ተሰክቶ በክንድ እየተለካ ይሸጣል። የማዱራይ ጃስሚን በጣም የታወቀ ነው፣ የቡናችን ዓይነት የአካባቢ ስም ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2013 አግኝቷል። ሻጯ ራሷ ጸጉርሽ ላይ ትሰካልሻለች። ይሄ የአምልኮ ነገር አይደለም፣ ሴቱ ሁሉ ባንክ ሲሄድም ያደርገዋል።

በጾም ወቅት ለሚሄድም ምግብ ሞልቷል። ኢድሊና ዶሳ ከሩዝና ከምስር ዘር ተፈጭቶ ቦክቶ የሚሠራ ነው። ግን ቅቤ ላዩ ላይ ጣል ማድረግ ይወዳሉ፣ «ያለ ጊ» በይ። ቡናቸው በወተት ነው። እኔ ጥቁር ቡና ስጠይቅ አስተናጋጁ አሞኛል መስሎት ነበር።

የቦኩ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የተናገሩትን ለእናቴ አንብቤላታለሁ። «እውነታቸውን ነው፣ እኔ ግን ሰርግ ቤትም ሄጄ ሙሽራዋን ነው የማየው እንጂ አላገባም» አለች። ምን ትያታለሽ?

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። መምህሩ «ማታ ባልየው ወደ እሷ ይመጣል» ያለው ነገር ምንድነው? ደግሞ ወንዙስ? እናቴ አዋሽ መልካሳ ነው ያደገችው። ወንዝ አለ ከተባለ ወርዳ እጇን ካልነከረች አይሆንላትም።

ባለ ፋርማሲው

እናትሽን ወደድኳት።

የማታው ነገር እንዲህ ነው። በእነሱ ታሪክ ሚናክሺ ጥንት ማዱራይን ይገዛ የነበረው የፓንድያ ንጉሥ ልጅ ናት። ንጉሡ ወንድ ልጅ ለምኖ መሥዋዕት ሲያቀርብ ከእሳቱ ውስጥ ሴት ልጅ ወጣች። 3 ጡት ነበራት፤ የሚያገባትን ሰው ባየች ቀን ሦስተኛው ይጠፋል ተባለ። እንደ ወንድ ጦር ተምራ ነገሠች፣ ዘምታም አገር ያዘች። ሰሜን ተራራው ድረስ ወጥታ ከሺቫ ጋር ስትፋጠጥ የተባለው ሆነ። ስለዚህ ማዱራይ ቤቷ ናት፣ እሱ ነው የገባባት። እስከ ዛሬ ምእመኑ መጀመሪያ እሷን ነው የሚሳለመው፣ ከዚያ ባሏን። በዓመታዊው በዓልም ዘውድ የሚጫነው ለእሷ ነው።

ማታ ማታ ከመዘጋቱ በፊት የሺቫን የእግር ምልክት በብር አልጋ ተሸክመው ከእሱ ክፍል ወደ እሷ መኝታ ይወስዱታል። ከበሮና ቀንደ መለከት ይቀድማል፣ የዕጣን ጭስ ይከተላል። ተሸካሚዎቹ ባዶ ደረታቸውን ናቸው። መንገድ ላይ ቆም ብለው ሲያራግቡለት ሙቀቱ የእውነት እንደሚሰማው ነው። ንጋት ላይ ይመልሱታል። እናንተ ኮሪደሩ ላይ ሆናችሁ ሲያልፍ ታዩታላችሁ። ምሽት 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ግን ልብ በይ፣ ጭሱ ብዙ ነው። እናትሽ ዓይኗ ላይ መርፌ ወይም ሌዘር ከተደረገላት በኋላ ከሆነ ሐኪሟን ሳትጠይቂ አታስገቢያት። ባይሆን ከሕክምናው በፊት ባለው ምሽት ሂዱ።

ወንዙ ቫይጋይ ይባላል። 258 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከምዕራቡ ተራራ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ባሕር ይሄዳል። ይሄዳል ልበል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው መንገድ ላይ ያልቃል። ከተማው መሀል ሲደርስ ብዙውን ጊዜ አሸዋ፣ ሳርና የፍሳሽ ቦይ ነው። ላይኛው ጫፍ ላይ ግድብ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመረቀ። የኛ ቆቃ በዚያው አቆጣጠር በ1960 ነው፤ አቻዎች ናቸው። ለመስኖ ሲባል ውሃው ላይ ይያዛል። የመልካሳ ልጅ ይሄን ለማስረዳት ብዙ አትለፊም። ውሃ ካለም እጇን እንዳታስነክሪያት፣ ጽዳቱ አይታመንም።

ውሃ የሚለቀቅበት አንድ ወቅት አለ፤ አሁን ነው ጥያቄሽ ላይ «ከፋሲካ በኋላ» ያልሽው የሚያሳስበኝ። በሚያዝያ ወር አካባቢ የቺቲራይ በዓል ነው፣ ሁለት ሳምንት የሚጠጋ። የሚናክሺ ሰርግ ይደገሳል። የእውነት ሰርግ ነው፣ ድግስ አለ፣ ጥሎሽ የሚያመጣ አለ፤ ያገቡ ሴቶች የጋብቻ ክራቸውን በዚያ ቀን በአዲስ ይለውጣሉ። ወንድሟ አላጋር ከከተማው ሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለው ቤቱ ተነስቶ ለሰርጉ ይመጣል። ቪሽኑ የሚባለው ሌላው አምላካቸው የሚገለጥበት መልክ ነው። በወርቅ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው በየመንገዱ እያስቆመው፣ ሙሉ ጨረቃ በሆነችበት ዕለት ወንዙ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሲደርስ ሰርጉ አልቋል ይሉታል። ተናዶ ከተማ ሳይገባ ይመለሳል። ለዚህ ነው ግድቡን ከፍተው ውሃ የሚለቁት፣ አላጋር እግሩን የሚያርስበት እንዳያጣ። ወንዙ ዳር የሚቆመው ሕዝብ መቶ ሺዎች ነው። በቆዳ ከረጢት ውሃ ይረጩበታል። ደግሞ ሁሉም የሚጠብቀው የለበሰውን ሐር ነው። አረንጓዴ ከሆነ ዓመቱ ጥጋብ ነው ይላሉ። ለገበሬ አገር አረንጓዴ ነዋ፣ ሌላ ምን ይመኛል?

እኔ ቆሜ አይቼዋለሁ፣ አልጸጸትም። ግን ዓይኗ የታመመ እናት ይዤ አልሄድም። አንቺም አትሂጂ። የምመክርሽ ይሄንን ነው። መምህሩ የዘንድሮውን ቀን ይንገርሽ። ቀጠሮውን አትንኪው፣ ሕክምናው ይቀድማል። ሆቴል ግን ሆስፒታሉ ካለበት ከአና ናጋር በኩል ያዢ፣ ከወንዙ ሰሜን ማለት ነው። ቤተ መቅደሱ ከወንዙ ደቡብ ነው። በበዓሉ ቀን ድልድዩን መሻገር የማይታሰብ ነው፤ ደቡብ አድራችሁ ቀጠሮ ቢያመልጣችሁ ማንም አይሰማችሁም። በሌላው ቀን በአልበርት ቪክቶር ድልድይ ነው የምትሻገሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1889 የተሠራ ነው። ባጃጁን ቀስ በል በይው፣ እናትሽ ከላይ ሆና ወንዙን ትየው።

የድሮ ናዝሬት ሰው

የአላጋሩ ነገር አሳቀኝ። አማች ሰርግ አምልጦት ተናዶ ሲመለስ እኛም ሰፈር አይተናል። ልጄ፣ በሰላም ሂዱ። እግሯን እይላት ያለሽን እንዳትረሺ፣ እኔም ስኳር አለብኝ።

የቦኩ ልጅ

አሜን ጋሼ። ባለ ፋርማሲው፣ መምህሩን ጠየቅሁት። የአላጋር ቀን ከቀጠሯችን በኋላ ነው፣ ሰርጉም እንደዚያው። ስለዚህ ከቀጠሮው ዋዜማ ምሽት እንሄዳለን። የመድኃኒት ዝርዝሯን ይዤ ሰኞ ፋርማሲህ ልመጣ፤ ኢንሱሊኗን በአውሮፕላን እንዴት እንደምይዘው ታሳየኛለህ?

ባለ ፋርማሲው

ነይ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ግን። የሐኪም ደብዳቤዋንም ይዘሽ ነይ። ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፣ ታች ከገባ ሊቀዘቅዝ ይችላል።